ሙቀት ሲበረታ ትልልቅ ሰዎችን መጠበቅ፦ በጎንደር ቤትና ወደ መተማ ሲወርዱ

ጎንደር ላይ ትልልቅ ሰዎቻችንን የምንጠብቀው ከብርድ ነው። ጋቢ እንደርባለን፣ መስኮት እንዘጋለን፣ «ንፋስ እንዳይመታዎት» እንላለን። ለኅዳርና ለታኅሣሥ ማለዳ ይህ ልክ ነው። ከየካቲት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ግን ያው ጥንቃቄ ይጎዳቸዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደግሞ ከውጭው ይብሳል። ልጅ ለመጠየቅ ወደ ቆላው፣ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ ወይም ወደ ሁመራ የሚወርዱትን ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቃቸዋል፤ ዝናብ ሲጀምር የሚመጣው ወበቅ።

ይህ መመሪያ አብረዋቸው ለሚኖሩ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና ጎረቤቶች ነው። በመጀመሪያ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሰው ሲያረጅ የጥማት ስሜቱ ይደክማል። ሰውነቱ ውሃ አጥሮት እያለ «አልጠማኝም» ይላል፤ በእርግጥም አልተሰማውም። ላቡ ይቀንሳል፣ ኩላሊቱ ውሃ ቆጥቦ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል፣ ልቡም ደም ወደ ቆዳ እየገፋ ሙቀት ለማስወጣት ይቸገራል። ስለዚህ «ሲጠማቸው ይጠይቃሉ» ብሎ መጠበቅ አይሠራም። ውሃውም፣ ጥላውም፣ መስኮቱም ሰዓት ወጥቶለት የቤተሰቡ ሥራ መሆን አለበት።

1ኛ፦ የሚውሉበትን ክፍል አስተካክሉ

ክፍሉ ምን ያህል እንደሚሞቅ ሳታውቁ ምንም አትጀምሩ። የግድግዳ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ከአልጋው ራስጌ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ስቀሉት። ካላገኛችሁ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ገብታችሁ በሩን ዝጉና ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። እናንተን ካላባችሁ፣ እርሳቸው ቀኑን ሙሉ እዚያ መዋል የለባቸውም።

ከዚያ ከቤቱ ቀዝቀዝ ያለውን ክፍል ስጧቸው። ብዙ ቤት ሳሎኑ ሰፊና ቀዝቃዛ ሆኖ ለእንግዳ ይጠበቃል፤ አባት ወይም እናት ግን በጓሮ በኩል በተቀጠለች የቆርቆሮ ክፍል ይተኛሉ። በእነዚህ ሞቃት ወራት ይህ ይገልበጥ። ፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ የተሠሩት ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ቤቶችና የድሮዎቹ የድንጋይ ቤቶች ከሰዓት በኋላም ቀዝቀዝ እንዳሉ የሚቆዩት ግድግዳው ሙቀቱን ቀስ ብሎ ስለሚቀበል ነው። በቀትር ፋሲል ግቢ ውስጥ ከፀሐዩ ወደ ግንቡ የገባ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ቆርቆሮ ግን ፀሐይ እንዳረፈችበት ይግላል፣ ግለቱንም ቁልቁል ወደ አልጋው ይለቃል።

ለቆርቆሮ ቤት ትልቁ መፍትሔ ኮርኒስ ነው። ቺፕውድ ለመግዛት አቅም ባይኖር እንኳ ከአልጋው በላይ ብቻ አቡጀዲ ወይም የተሰፋ ማዳበሪያ መወጠር ይረዳል፤ ቁም ነገሩ በቆርቆሮውና በጨርቁ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት መተው ነው። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም ወይም ኖራ መቀባትም ፀሐይዋን መልሶ ይጥላል። ኖራው በክረምቱ ዝናብ ስለሚታጠብ በየዓመቱ በጥር መጨረሻ መድገም ያስፈልጋል።

መስኮት ላይ መጋረጃ ሁሉም ቤት አለ። ፀሐይ መስታወቱን ካለፈች በኋላ ግን መጋረጃው የሚያግደው ጥቂት ነው። ጥላው ከውጭ ይሁን፦ ሸራ፣ ሰሌን፣ ያረጀ አንሶላ ከመስኮቱ በላይ ወጥሩ። በተለይ የምዕራቡ መስኮት ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትገባውን ፀሐይ ስለሚቀበል ከሁሉ ቀድሞ እርሱን ሸፍኑ። አልጋውንም ከምዕራቡ ግድግዳ አርቁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች በሞቃቱ ወራት እንኳ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ይህን ብርድ በነፃ ወደ ቤት አስገቡት። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ውጭው ከቤቱ ሲቀዘቅዝ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶችን፣ ወይም መስኮትና የበሩን ላይኛ ክፍል ክፈቱ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ ግድግዳው ሳይሞቅ፣ መልሳችሁ ዝጉ፣ ጥላውንም አውርዱ። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ቀን ከፍቶ ትኩስ አየር ያስገባል፣ ማታ ዘግቶ ያፍነዋል። ሌባ የሚያሰጋ ከሆነ ፍርግርግ ያለውን ወይም ከፍ ያለውን መስኮት ብቻ ክፈቱ፤ ለወባ ትንኝ ወንፊት ሽቦ ምቱ። ትልልቅ ሰዎች ንፋሱን ይፈራሉ፣ ፍርሃታቸውም ይከበር፤ አልጋውን ንፋሱ በቀጥታ ከሚያልፍበት መስመር ፈቀቅ አድርጉና አንድ ነጠላ ደርቡላቸው።

እንጀራ መጋገር ካለ በማለዳ ይለቅ። ምጣዱ፣ የከሰል ምድጃውና የቡናው ፍም እነርሱ ከሚውሉበት ክፍል ይውጡ። የታፈነ ክፍል ውስጥ ያለ ከሰል ሙቀት ከመጨመሩም በላይ ጭሱ የሰው ነፍስ ያጠፋል።

2ኛ፦ መጠጡን በሰዓት አድርጉት

ልብ ወይም ኩላሊት የታመመ ሰው ምን ያህል መጠጣት እንዳለበት የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ገደብ ላልተጣለበት ትልቅ ሰው በሞቃት ቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ፈሳሽ ጥሩ መነሻ ነው። ለመቁጠር የሚቀለው በሃይላንድ ነው። ጠዋት ባለ አንድ ሊትር ተኩሉን ሃይላንድ ሞልታችሁ አጠገባቸው አስቀምጡ፤ ከዚያ ራሳችሁ ቅዱላቸው። አንድ ብርጭቆ ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ አንድ ከቁርስ ጋር፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ እንዲህ እያለ። «ይጠጣሉ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «ይቅርብኝ ልጄ» ነው። ቀድታችሁ በእጃቸው ብትሰጡ ግን ይጠጣሉ፤ የቀረበ ነገር መመለስ አይወዱምና።

ብዙ እናቶችና አባቶች ውሃ የሚሸሹበት አንድ ምክንያት አለ፤ እኛ አንጠይቅም፣ እነርሱም በኀፍረት አይናገሩትም። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፣ መንገዱ ጨለማና ኮረብታ ነው፣ ጉልበታቸው ያማል። ሌሊት ላለመነሳት ሲሉ ከቀትር ጀምሮ መጠጣት ያቆማሉ። ስለዚህ ውሃ ከመስጠታችሁ በፊት የሽንቱን ነገር ፍቱ። ክዳን ያለው ፖፖ ወይም መሐሉ የተቆረጠ ወንበር ከነባልዲው አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፤ መጋረጃ ይጋረድለት፤ ጠዋት ጠዋት ያለ ወሬ የሚደፋው ሰው ይታወቅ። አብዛኛውን መጠጥም ከ11 ሰዓት በፊት እንዲጨርሱ አድርጉ። ይህ ክብራቸውን ስለሚነካ በቀስታና በዘዴ ይደረግ።

የጠጡት በቂ መሆኑን ሽንት ይናገራል። ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ መልካም ነው፤ ከጠቆረ፣ ካነሰ ወይም ከጠዋት እስከ ቀትር ጨርሶ ካልመጣ ውሃ አጥሯል።

ከንጹህ ውሃ ሌላ የተልባ ውሃ፣ ቀጠን ያለ በሶ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ፣ የሱፍ ውሃና ሾርባ ሁሉ ይቆጠራሉ። ቡና ክልክል አይደለም፤ የለመደ ሰው ሁለት ሦስት ሲኒ ቢጠጣ አይጎዳውም፣ ግን የውሃውን ቦታ አይያዝ። ጠላ፣ ኮረፌና አረቄ አልኮል ስላላቸው በሙቀት ቀን ይቅሩ። «ቅራሪ እኮ ውሃ ነው» የሚል ክርክር ይነሳል፤ ቅራሪም ቢሆን ውሃን አይተካም። የቧንቧው ፈረቃ ረዝሞ ውሃው በጀሪካን የቆየ ከሆነ አፍሉት ወይም የውሃ ማከሚያውን ውሃ አጋር ጨምሩበት፤ በሙቀት ላይ ተቅማጥ የተጨመረበት ትልቅ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ተቅማጥ ከመጣ ከፋርማሲ ኦ.አር.ኤስ. (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ግዙ። እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው ያለበት ስለሆነ፣ በተለይ ግፊት ያለበት ሰው የዘወትር መጠጥ አያድርገው።

ስለ ጾም

የዓቢይ ጾም 55 ቀናት የሚውሉት በትክክል በዚህ ወቅት ነው። ከምግቡ ይልቅ ጤና የሚፈታተነው እስከ 9 ሰዓትና ከዚያም በላይ ውሃ ሳይቀምሱ መዋሉ ነው። እናቶቻችን በዚህ ላይ ከልጅ ምክር አይቀበሉም፤ መቀበልም አይጠበቅባቸውም። ከንስሐ አባታቸው ግን ይቀበላሉ። ጾሙ ሳይገባ የንስሐ አባትን ቤት ጥሩና የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ያለባቸውን ሕመም ንገሯቸው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ሰው ማቅለል ታውቃለች። በተለይ የስቅለት ዕለት ስግደቱ ከጠዋት እስከ ማታ ነው፣ ቀኑም ሚያዝያ ላይ ሲውል ፀሐዩ ከባድ ነው፤ ተቀምጠው በጥላ ሥር እንዲጸልዩ ፈቃዱን ከአባ አፍ ይስሙት። ለሙስሊም አባቶችና እናቶችም እንዲሁ ነው፦ መጾም ለማይችል ሽማግሌ በየቀኑ ምትክ ድሃ ማብላት ተፈቅዷል። ከመስጊዳቸው ሼህ ጋር ተነጋገሩ።

3ኛ፦ መድኃኒቱን አሳዩ

ሙቀቱ ሳይገባ የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ከትታችሁ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት አሳዩ። ሽንት የሚያበዙ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፉሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ውሃ ያስወጣሉ። የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ውሃ ባጠረው ሰው ላይ ግፊቱን ከመጠን በላይ ሊያወርድና ኩላሊትን ሊጫን ይችላል። ለግፊትና ለልብ የሚሰጠው አቴኖሎል ልብ ለሙቀት እንዳይፈጥን ያግዳል፤ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ላብ ይቀንሳል። ለጉልበት ሕመም በየሱቁ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውሃ ባጠረው ሰው ላይ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ በእነዚህ ወራት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱ። ከሌሎቹ ግን አንዱንም በራሳችሁ አታቁሙ። መጠኑን መቀነስ ካለበት የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው።

ኢንሱሊን ለሚወጉ፦ ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ፍሪዘር ውስጥ አይግባ። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ፍሪጅ የሌለው ወይም መብራት የሚጠፋበት ቤት ሁለት የሸክላ ማሰሮ ይበቃዋል። ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስገቡ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ በውሃ አርሱ፣ ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልላችሁ በትንሹ ውስጥ አኑሩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደኑት። ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ይሁን። ውሃው ሲተን ማሰሮውን ያቀዘቅዘዋል።

4ኛ፦ ቀኑን ከፀሐዩ አንጻር አከፋፍሉት

ከ6 እስከ 10 ሰዓት ቤት ወይም ጥላ ሥር ይዋል። ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ አራዳ ገበያ መውጣት፣ ጡረታ ለመቀበል ባንክ መሰለፍ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ይለቅ። የጎንደር መንገድ ዳገት ነው፤ ሲሄዱ የወረዱት ሲመለሱ ይወጣልና ለመመለሻው ባጃጅ ያዙላቸው። የቀብርና የልቅሶ ሰዓት ግን በእኛ እጅ አይደለም። ሸራ ድንኳን በቀትር ከውጭው ይሞቃል፤ የእድሩ ሰዎች አንድ ጎኑን ገልጠው ትልልቆቹን በነፋሱ በኩል ቢያስቀምጡ ማንም የሚከፋ የለም።

ልብሱ ጥጥ ይሁን። ጋቢውን በነጠላ መለወጥ፣ ከሥር ያለውን ሹራብ ማውለቅ፣ ጃንጥላ መያዝ። ይኸው ነው።

5ኛ፦ ገላን ማቀዝቀዝ

በመጋቢት የጎንደር አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይተናል፣ ሲተንም ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ውሃ አያስፈልግም። ነጠላ ነክራችሁ ጨምቁና በአንገትና በትከሻ ላይ አድርጉላቸው፣ ክንዳቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ እግራቸውን በሳፋ ውሃ ውስጥ ያስገቡ። ቬንትሌተር ካለ ከእርጥቡ ጨርቅ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። ጣራ ላይ ካለው ሮቶ የሚመጣው ውሃ ከሰዓት በኋላ ትኩስ ስለሚሆን ለዚህ የሚሆነውን ጠዋት ቀድታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ።

6ኛ፦ ወደ መተማ ሲወርዱ

ከአዘዞ ተነስቶ በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውሃና ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ በአንድ ቀን ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ካለ አገር ወደ 700 ሜትር ገደማ ያወርዳል። የወጣት ሰውነት እንኳ ለዚህ ሙቀት ለመለማመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ የሽማግሌ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ ጉዞው የሚሻለው በኅዳርና በጥር መካከል ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 40 ዲግሪ ማለፉ እዚያ የተለመደ ነው፤ ያለ ግድ ጉዳይ አትውሰዷቸው።

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ደግሞ ያሳስታል። ዝናቡ ሲመጣ ዲግሪው ይወርዳልና «አሁንስ በረደ» ይባላል። አየሩ ግን በእርጥበት የተሞላ ነው፤ ላብ ይወጣል፣ አይተንም፣ ልብስ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ያልተነነ ላብ አያቀዘቅዝም። ጎንደር ላይ የጠቀመው እርጥብ ነጠላ በወበቅ ጊዜ እንደ ፕላስቲክ ያፍናል፤ የሸክላ ማሰሮውም ለኢንሱሊን አይበቃም፣ ፍሪጅ ያስፈልጋል። ሌሊቱም እንደ ጎንደር አይቀዘቅዝም፤ ሰውነት ዕረፍት ሳያገኝ ያድራል፣ ድካሙም ከቀን ቀን ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ከተወሰኑ ቀናት በኋላ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በወበቅ ጊዜ የሚሠራው የሚንቀሳቀስ አየርና በቀጥታ ገላ ላይ የሚፈስ ውሃ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በተለይ ከመተኛታቸው በፊት፣ ለብ ወይም ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ይታጠቡ። ሲታጠቡ እንዳይንሸራተቱ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ቬንትሌተሩ በወበቅ ጥሩ ነው፤ ክፍሉ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ግን ትኩስ አየር በላያቸው ስለሚነፋ ይጠፋና በውሃ ብቻ ይቀዝቅዙ። ልብሳቸውን በላበ ቁጥር ቀይሩ። የጡት ሥር፣ ብብትና ጭን መካከል ተደርቆ ካልተያዘ ሽፍታ ያወጣል።

ሌሊት በረንዳ ላይ መተኛት የቆላው ልማድ ነው፣ ለሙቀቱም ጥሩ ነው። ነገር ግን አጎበር ሳይዘረጋ አይሁን። አካባቢው ወባ አለበት፣ የመተማና የሁመራ ቆላም ካላዛር የሚባል በሽታ የሚገኝበት ነው፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትነክሰው ከምሽት ጀምሮ ነው። ከቆላ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ለሐኪሙ «መተማ ነበሩ» ብላችሁ ንገሩ።

ጉዞው ጎህ ሲቀድ ይጀመር። መኪናው ውስጥ ፀሐይ በማያገኘው ጎን ይቀመጡ፤ ውሃና መድኃኒቱ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅ ላይ ይሁን። ደርሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዘመድ ጥየቃ አይዙሩ፤ ዘመዱ ይምጣ።

7ኛ፦ አደጋው ሲመጣ

ራስ ማዞር፣ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብና ድካም ከታየ ወደ ጥላ አስገቡ፣ ልብስ አላሉ፣ እግራቸውን ከፍ አድርጋችሁ አስተኙ፣ ቀስ እያላችሁ አጠጡ፣ በውሃ አቀዝቅዙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሻላቸው ወደ ጤና ጣቢያ።

ንግግራቸው ከተዘበራረቀ፣ ሰው ካልለዩ፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ፣ ገላቸውም እንደ እሳት ከጋለ ይህ የሙቀት ምት ነው። ሰውነት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሷል፣ አንጎል እየተጎዳ ነው። «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ እያሹ ማምሸት የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ፓራሲታሞልም ለዚህ አይሠራም። አንዱ 907 ላይ ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ፣ ሌሎቻችሁ ማቀዝቀዝ ጀምሩ፦ ልብሱን ግፈፉ፣ ያገኛችሁትን ቀዝቃዛ ውሃ ሁሉ በገላቸው ላይ አፍስሱ፣ በሰፌድም ቢሆን አራግቡ፣ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ጨርቅ አንገት ላይ፣ ብብትና ብሽሽት ውስጥ አድርጉ። ራሱን ለሳተ ወይም ለተዘባረቀ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ትን ይለዋል። በጎን አስተኙ። አምቡላንሱ ከዘገየ በባጃጅ ወይም በታክሲ፣ መስኮቱን ከፍታችሁና መንገድ ላይም ውሃ እያፈሰሳችሁ፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱ፤ ከተማው ውስጥ ከሆናችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌት ተቀን ይሠራል። የመድኃኒቱን ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።